የወሎ የማሳ ስሞች፦ ሰሞን፣ ኦና፣ ጨፌ፣ ጦም አደር

ጠያቂ፦ ደሴ ዙሪያ፣ በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ «ልዩ ስሙ ሰሞን የተባለ ቦታ»፣ «ኦናው» እና «ጨፌ ራስ» የሚሉ ስሞች ሰፍረዋል። ሰሞን እንግዲህ ወቅት ነው፤ በወቅቱ የሚዘራ ማለት ይሆን?

ትልም፦ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች በሳምንት ተራ ይገባሉ፤ ተረኛው ሰሞነኛ ይባላል። ሰሞን መሬት ለዚያ አገልግሎት የሚያዝ መሬት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አስቀረው፣ ስሙ ግን ማሳው ላይ አለ። በአቅራቢያው ደብር እንዳለ ወይም እንደነበረ ጠይቁ፤ ከሌለ ሌላ ፍቺ ፈልጉ።

ወገል፦ ኦናን መዝገበ ቃላት ላይ «ባዶ» ብላችሁ ካለፋችሁት መሬቱ የማይረባ ይመስላችኋል። ገበሬ ግን ይሻማበታል! ሰው ለቆት የፈረሰ መኖሪያ ስለሆነ አመዱና ፍጉ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ጎመንም ገብስም ያምርበታል። የግድግዳ ድንጋይ፣ የገል ስባሪና ጠቆር ያለ አፈር ካያችሁ ኦና ነው። ጠፍ ሌላ ነው፤ እሱ ሳይታረስ የተተወ ነው እንጂ የግድ ቤት የነበረበት አይደለም።

ዳገቴ፦ ጨፌ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ውኃ የሚተኛበት ሣራም መስክ። ከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ሜዳም ከዚሁ ነው። በጥር ሄዳችሁ ብታዩት እንደማንኛውም እርሻ ደረቅ ስለሚሆን ስሙ ውሸት ይመስላል፤ በነሐሴ እዩት። «ጨፌ ራስ» የላይኛው ጫፉ ነው፣ ውኃው ቀድሞ የሚሸሽበት። አፈሩ ዋልካ (ውኃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃማ አፈር) ከሆነ ዝናቡ ሲያባራ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይገባበታል።

በስሞቹ ውስጥ ያለውን ኦሮምኛ ሳታውቁ የወሎን ስሞች መፍታት አይሆንም። የወሎዎቹ ወረዳዎች የወረ ኢሉና የወረ ባቦ «ወረ» ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፤ ከ«ወሬ» ጋር አታገናኙት። ኮምቦልቻ በአማርኛ አጣጥ የምንለው ዛፍ ነው፤ ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለ። ቱሉ አውልያ ደግሞ ግማሹ ኦሮምኛ (ኮረብታ)፣ ግማሹ ዓረብኛ (ወሊዎች) ነው።

ትልም፦ የጸሐፊ እጅም ያሳስታል። «ጦም አደር» ሳይዘራ የከረመ መሬት ነው። «ጾም አዳሪ» ተብሎ ሲጻፍ ባሕታዊ የኖረበት የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ አራሹ እንዴት እንደሚጠራው በጆሮ ስሙ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚዘራበትና ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ጠይቁ። ደብተሩ መጨረሻ ይታያል።

ጠያቂ፦ «ሦስት ጥማድ» የሚባልም አለ፤ ስፋቱ ግን አንድም አይሞላ።

ወገል፦ ስሙ የዱሮው ልክ ነው፤ ውርስና የመሬት ሽግሽግ ከፋፍለውታል። ጥማድ በአንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚታረስ ነው፤ በግምት 4 ጥማድ 1 ሄክታር ይባላል። ዋልካ ላይ ግን በሬው ቶሎ ስለሚደክም የቀኑ እርሻ ያንሳል፤ የአሸዋማውን ሒሳብ እዚያ አትጠቀሙ።