ጽጌረዳዬ እንቡጥ ይዞ አልፈካ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ጓሮዬ ውስጥ 14 እግር ጽጌረዳ አለኝ፤ ግንቦት ላይ ነው የተከልኳቸው፣ ቆርጬ ቤት ውስጥ ላስቀምጣቸው ብዬ። ክረምቱን በደንብ አለፉ፣ መስከረም ላይም ረጃጅም ዘንግ አወጡ።

ችግሩ የመጣው ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ ነው። እንቡጡ ይወፍራል፣ ቀለሙን ያሳያል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። የውጪው ቅጠል ቡናማ ሆኖ እንደ ረጠበ ወረቀት ይጣበቃል። ትናንት አንዱን በጣቴ ስፈለቅቀው ውስጡ ምንም ያልነካው ሮዝ ነው፣ ሽታውም አለ። አንጀቴ ነው ያረረው። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ግራጫ ሻጋታ ጀምሯል።

የእኛን አገር ውርጭ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው፣ አራት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ውርጩ ይሆናል ብዬ ለ10 ቀን ማታ ማታ በላስቲክ ሸፈንኳቸው። ባሰባቸው። ጠዋት ስገልጠው ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ውሃ ያንጠባጥባል። አመድ ነሰነስኩ፣ የሳሙና ውሃም ረጨሁ፤ ለውጥ የለም። ውሃ የማጠጣው ማታ ከሥራ ስመለስ ነው፣ ከላይ እያርከፈከፍኩ።

የእህቴ ሰርግ ጥር 18 ነው፤ የምትይዘውን እቅፍ አበባ ከራሴ ጓሮ እንደምሰጣት ቃል ገብቼላታለሁ። ዛሬ ኅዳር 5 ነው። የተበላሹትን እንቡጦች ከነዘንጋቸው ቆርጬ እንደ አዲስ ባስጀምራቸው፣ በዚህ ብርድ ለሰርጉ ይደርሱልኛል?