ቪትዝ ላይ 185/70 አር 14 ጎማ ቢገጠም ጉልበቷን ይቀንሳል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 1.0 ሊትር፣ ኦቶማቲክ ቪትዝ ናት። የፋብሪካ ጎማዋ 165/70 አር 14 ነው። አራት ሰው ሲጫን ጉብታ ላይ ሆዷን ትመታለች። ቸርኬውን ሳልነካ 185/70 ባስገባላት ዳገት ላይ ትደክማለች? ነዳጅስ?

መልስ፣ ጎሚስታው፦
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። 165 ወይም 185 የሚለው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፤ 14 የቸርኬው ቁመት በኢንች። የ165ቱ ሙሉ ቁመት 587 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የ185ቱ 615። ልዩነቱ 28 ቢሆንም መኪናዋ ከፍ የምትለው በግማሹ፣ በ14 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ማርሹ ግን በሙሉው ልዩነት ይረዝማል፣ 4.8 በመቶ። መሬቱን የምትገፋበት ጉልበት በዚያው ልክ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በአየሩ መሳሳት ብቻ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን አጥቷል። ማርሿ ሲቪቲ (ደረጃ ሳይኖረው ያለማቋረጥ ራሱን የሚያስተካክል ኦቶማቲክ) ከሆነ እየሄደች ሳለ ታካክሰዋለች። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ዳገት መሃል ቆማ ስትነሳ ግን ከዚያ በታች የምትወርድበት ማርሽ የለም፤ ድካሟ የሚታየው እዚያ ነው። ፍሬኑም ከበድ ያለና ረዥም ጎማ ስለሚያቆም ትንሽ ጠንከር አድርገህ መርገጥ ይኖርብሃል።

መልስ፣ ዳሽቦርድ፦
ነዳጁን ስትለካ ተጠንቀቅ። 185ቱ ከገባ በኋላ ጎማው በአንድ ዙር የበለጠ ስለሚሄድ፣ ቆጣሪው 300 ኪሎ ሜትር ሲል የሄድከው 314 ነው። በ20 ሊትር ከሆነ 15 ሳይሆን 15.7 በሊትር ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያርም «ነዳጅ በላችብኝ» ይላል። በከተማ መነሳትና መቆም ግን የጎማው ክብደት እውነትም ነዳጅ ይጨምራል። ፍጥነትም ያው ነው፤ ቀድሞ ልክ የነበረ ጌጅ 80 ሲያሳይ 84 እየሄድክ ነው።

መልስ፣ ጎሚስታው፦
ከመግዛትህ በፊት አንዱን ብቻ ፊት አስገጥመህ ሞክር። ጎማው ወደ ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ መጀመሪያ የሚነካው የሾክ አብዞርበሩን የሞላ (የስፕሪንግ) መቀመጫ ነው፤ ጣትህ በመሃል ካላለፈ ተወው። ቀጥሎ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙር፤ ሰው ጭነህም ድገመው። ባዶዋን ሳትነካ ቆይታ ስትጫን የፓራፋንጎውን ፕላስቲክ የምትፍቅ ብዙ ናት። ስኮርታህም 165 ሆኖ ከቀረ ፊት ላይ አትሰረው፤ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ስለማይዞሩ ዲፈረንሻሉ (ግራና ቀኙ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ክፍል) ያለ እረፍት ይሠራል።

መልስ፣ ሞላና ሾክ፦
እኔ ከጎማው በፊት ሞላውን ነው የምጠረጥረው። ባዶዋን ደልዳላ ቦታ አቁመህ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል በሜትር ለካ። ግራና ቀኙ ከተለያየ፣ ወይም ኋላዋ ከሌላ ደህና ቪትዝ ከወረደ፣ ሞላው ደክሟል። የደከመ ሞላ መቀየር ከ14 ሚሊ ሜትር የበለጠ ሊመልስልህ ይችላል፣ ማርሹንም አይነካም። ጎማ መቀየርህ ካልቀረ 175/70 አር 14 ይበቃል፦ 7 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ 2.4 በመቶ የማርሽ ልዩነት። አራቱንም በአንድ ጊዜ፣ ባላንስና አላይመንት አሠርተህ።