የትንሹ ጥንብ አንሳ ክትትል፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ ይስተካከል

አስተባባሪ፦ በረቂቁ ወፏ ላይ ታስሮ ያለችበትን ቦታ የሚናገር 12 የጂፒኤስ መሣሪያ ተይዟል። ወፏ (በሳይንሳዊ ስሟ ኔክሮሲርቴስ ሞናከስ) እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተመድባለች፤ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ስለሆነ ያለቀው ቶሎ አይተካም። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያሻም፤ በጀቱን እንይ።

የመስክ ቡድን፦ 12 በዛ። መሣሪያው ወፏ የት እንደወደቀች ይናገራል እንጂ ምን እንደገደላት አይናገርም፤ ቶሎ ካልተደረሰ ሬሳውን ጅብ ይወስደዋል። 6 እንግዛ፣ የቀረው ለነዳጅና ለናሙና ምርመራ ይዋል። ክብደቱ ከነማሰሪያው ከወፏ 3 በመቶ አይለፍ፤ 1.8 ኪሎ ለምትመዝን 54 ግራም ነው። ቄራ ጠግባ የተያዘች ሚዛን ላይ ታታልላለች፤ ስለዚህ ወጥመዱ በማለዳ፣ ሳትበላ ይዘርጋ። ላባ የፀሐይ ሰሌዳውን ከሸፈነው ባትሪው ያልቃል፤ ሰሌዳው ከላባው በላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ዓይነት ይታዘዝ። ዳታ ተቋረጠ ማለት ወፏ ሞተች ማለት አይደለም።

የእንስሳት ሐኪም፦ በ6 እስማማለሁ። ከገዳዮቹ ዋናው መርዝ ነው፤ ውሻ ለመግደል የሚጣለው ስትሪክኒን የተባለው መርዝ ሳይቀር፤ የሞተውን ውሻ የበላች ወፍም ትሞታለች። ሬሳ ስታገኙ ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ በዙሪያው የሞተ ውሻም አሞራም ቁጠሩ። ከዚያ በጓንት ጉበቱንና በጉሮሮ ከረጢቱ ያለውን ምግብ ለየብቻ ያዙ፤ ወዲያው በረዶ ላይ፣ ኋላ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ። ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል) ውስጥ የገባ ናሙና ለመርዝ ምርመራ አይሆንም፤ ብዙ ናሙና የሚበላሸው እንዲህ ነው። የቀረው ሬሳ ይቃጠል፤ ሜዳ ላይ ከተተወ ሌላውን ይገድላል።

የከተማ ጤና ባለሙያ፦ ለውሻ የሚጣለውን መርዝ በምን እንተካ የሚል ክፍል ረቂቁ ውስጥ የለም። የእብድ ውሻ በሽታን የሚገታው 70 በመቶ ውሾችን መከተብ ነው። ማዘጋጃ ቤት የሚሰማው ይህን እንጂ የአሞራውን ነገር አይደለም።

የቆጠራ ቡድን፦ ቄራውና ቆሻሻ መጣያው ላይ ያሉት ወፎች በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ሰዓት ይቆጠሩ፤ አለዚያ አንዷን ወፍ ሁለቴ እንጽፋለን። በዐቢይ ጾም እርድ ስለሚቀንስ የጾምን ቆጠራ ከፋሲካ ማግስት ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው። የወጣቷ የራስና የአንገት ለስላሳ ላባ ጥቁር ቡናማ፣ የትልቋ ነጣ ያለ ነው፤ ለየብቻ ይመዝገብ።

አስተባባሪ፦ እሺ፣ 6 ይሁን። የክትባቱም ክፍል ይገባል። ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይመጣ ግን ወጥመድ አይዘረጋም፤ ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ። ዶክተር፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ማቀዝቀዣውን እንዴት ያስቡታል?

የእንስሳት ሐኪም፦ በረዶ የሞላ የክትባት ሳጥን ለአንድ ቀን ያቆየናል። ከዚያ በፊት ናሙናው ወደ ላብራቶሪ መነሳት አለበት፤ የሾፌር አበል ይጨመርበት።