የ1300 ቮልስ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ፦ ካርተሩ (ክራንክሻፍቱን የያዘው የሞተሩ ቤት) ይከፈል ወይስ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሲሊንደሮቹ ክዳን) ብቻ ይሠራ?

ጠባሴ 1300
ጤና ይስጥልኝ። የ1300 ቮልስ ሞተር አውርጃለሁ፤ ገና አልፈታሁትም። ሳላወርደው፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ቤንዚን እስከ መጨረሻው ተረግጦ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት) ለክቻለሁ፦ 1ኛ 5.6 ባር፣ 2ኛ 5.5፣ 3ኛ 3.1፣ 4ኛ 5.4። መጽሐፉ ከ7 እስከ 9 ይላል። 3ኛው ላይ ትንሽ ዘይት ጨምሬ ስለካው ፈቀቅ አላለም። ፑሌጃውን (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ያለውን የቺንጋ መዘውር) ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስገፋው ይንኳኳል፤ በዳያል ጌጅ 0.30 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። አራቱንም ፒስተንና ሲሊንደር ልቀይር? ካርተሩስ የግድ ይከፈል?

ጋሽ ቶርኖ
የሦስቱ ሲሊንደሮች ቁጥር አያስደንግጥህ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ቢሆን ነው። ሲሊንደር የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ስለሆነ እዚህ 5.5 ያሳየ ሞተር ጅቡቲ ወርዶ ቢለካ 7.5 ግድም ያሳያል። በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ ተደናግጦ ደህና ፒስተን መጣል ገንዘብ ማባከን ነው።

3ኛው ግን ታሟል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ቢሆን ኖሮ ዘይት ስትጨምር ቁጥሩ ከፍ ይል ነበር። ስለዚህ ቫልቭ ነው፤ እዚያ ሲሊንደር ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው። እስከ 1970 ሞዴል ድረስ የዘይት ማቀዝቀዣው በቬንቶላው (ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ) ላሜራ ውስጥ፣ ወደ 3ኛው በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ቆሟል፤ ለሲሊንደሩ የሚደርሰው አየር ያነሰና የሞቀ ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን አራቱንም በአዲስ ቀይር። አሮጌውን አስሞርዶ መመለስ አይበጅም፤ አንገቱ ተስቦ ከሆነ ይበጠስና ፒስተኑን ይበሳል። ቴስታታውን አጥበህ በቫልቭ መቀመጫውና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል ስንጥቅ ፈልግ።

ፋሻዎቹን ሲሊንደሩ ውስጥ ቀጥ አድርገህ በፒስተን ገፍተህ የጫፋቸውን ክፍተት ለካ። አዲስ ከ0.30 እስከ 0.45 ነው፤ 0.90 ካለፈ ያበቃለት ነው።

አሁን ስለ ካርተሩ። የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የጎን ጨዋታ፣ ማለትም ፑሌጃውን ገፍተህ የለካኸው፣ ከ0.07 እስከ 0.13 መሆን አለበት፣ 0.15 የመጨረሻው ነው። በ0.30 መንዳት አይቻልም። ቮላኖውን (በክራንክሻፍቱ ሌላ ጫፍ ያለውን ከባድ ክብ ብረት) ከመፍታትህ በፊት ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ከተወዛወዘ 1ኛው ሜን ቤሪንግ መቀመጫውን ደብድቦ አስፍቶታል፤ ያኔ ካርተሩ ተከፍሎ ሬቲፊካ ቤት በአንድ መስመር መጠረብና ውጭው የተለቀ ቤሪንግ መግባት አለበት። ካልተወዛወዘ ከቮላኖው ኋላ ያሉትን ሦስት ስስ ሮንዴላዎች በውፍረታቸው መርጠህ 0.10 ላይ አምጣው። ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፤ አራተኛ አይጨመርም።

ከተከፈለ፦ ካርተሩ ማግኒዚየም ነውና በካቻቢቴ አትፈልቅቀው፣ የተጫረ ፊት ዘይት ያፈስሳል። ሲገጠም ጓርኒሲዮን የለውም፣ ስስ ማስቲሽ ብቻ። ሲሊኮን አታድርግ፤ ትርፉ ተቆርጦ የዘይት መንገድ ይዘጋል። የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ጥርስ ነጥብ በክራንክሻፍቱ ሁለት ነጥቦች መካከል ይግባ። ቤሪንጎቹ በፒናቸው ላይ በትክክል ካልተቀመጡ ስታጠብቅ ይሰነጠቃሉ፤ ስለዚህ በየጥቂቱ እያጠበቅህ ክራንክሻፍቱን አዙረው፤ ከከበደህ ያኔውኑ አቁምና ክፈተው። ከ1ኛው ቤሪንግ ታችኛ ቡሎን አጠገብ ያለው ባለ 8 ሚሊ ዳዶ ቀድሞ በ20 ኒውተን ሜትር ይጠብቅ፣ ከዚያ ስድስቱ ትልልቆቹ በ35፣ የቀሩት ትንንሾች በ20።

ሰላድንጋይ
በጋሼ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ 3ኛው ለምን እንደተቃጠለ ካልታወቀ አዲሱም ቫልቭ ይቃጠላል። በየጋራዡ ሞተር ሲወርድ በሲሊንደሮቹ ሥር ያሉት ትንንሽ ላሜራዎችና በሞተር ክፍሉ ዙሪያ ያለው ጎማ እየተጣሉ ይቀራሉ። ጎማው ከሌለ ቬንቶላው ከታች የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ተነስቶ ከ3,000 በላይ ወደሆነው ጣርማ በር የሚወጣ ቮልስ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድም ላሜራ ሳይጎድል ግጠም።

ቴርሞስታቱንም (ሞተሩ እስኪሞቅ ማቀዝቀዣ አየሩን የሚገታውን) አትጣለው። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ሞተሩ ቶሎ ካልሞቀ ቤንዚን በፋሻው አልፎ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ካርቡራቶሩ ዋና ጂግለሩ (ቤንዚን የሚያልፍበት የተለካ ቀዳዳ) 125 ከሆነ እዚህ ይበዛበታል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። እኔ 120 ላይ እቆም ነበር። ከዚያ በታች ለደብረ ብርሃን ቢስማማም ቆላ ስትወርድ ድብልቁ ይሳሳና ያው ቫልቭ ይቃጠላል።

ጠባሴ 1300
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቮላኖው አይወዛወዝም፤ እንዳሉት ካርተሩን አልከፍልም። ቴስታታውን ስፈታ ግን አንድ ረጅም ቡሎን ከነክሩ ተመዝዞ ወጣ።

ጋሽ ቶርኖ
የማግኒዚየም ክር እንዲህ ይሸነፋል። በማጣበቂያ አትመልሰው፤ ቶርኖ ቤት ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ይበሳና የብረት ክር ይግባበት። አንዱ ከወጣ ሌሎቹም ቅርብ ናቸው፣ አሥራ ስድስቱንም አስደርግ። ባለ 10 ሚሊ ከሆኑ በ32 ኒውተን ሜትር፣ ባለ 8 ከሆኑ በ25 ይጠብቃሉ፤ መጀመሪያ ሁሉንም በ10፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው። ከመግጠምህ በፊት የፑሽሮድ (ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች) ቱቦዎቹን ርዝመት ከ190 እስከ 191 ሚሊ ሜትር ድረስ ሳባቸው፣ ስፌታቸው ወደ ላይ ይሁን፤ አጭር ቱቦ ዘይት ያፈስሳል። የፒስተኑ ቀስት ወደ ቮላኖው ይመልከት።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው። ካንዴላ ሳታስገባ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ አዙር፣ ከዚያ አስነሳ። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ 0.15 ይሁን። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ቀይር፣ ወንፊቱን እጠብ፣ ክፍተቱን ደግመህ ለካ። 3ኛው ጠቦ ካገኘኸው አስፍተህ ብቻ አትተወው፤ ከ500 በኋላ እንደገና ለካ፣ አሁንም ከጠበበ ቫልቩ እየተሳበ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነውና ቴስታታውን መልሰህ አውርድ።