የኮቪድ ወረርሽኝ እያለ ከብሩወሪ ብሩወሪ መዞር ይገባል ወይ?

የአሌክሳንድሪያው፦
ኦክቶበር 2020 እየተጋመሰ ነው። የብሉ ሪጅ ተራራ ቅጠል ቀልቷል። እኛ ግን ከማርች ጀምሮ ቤት ተከርችመናል። አራት ጓደኛሞች በአንድ መኪና ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ወዳለው ኔልሰን ካውንቲ ልንወርድ አስበናል። 151 ቁጥር መንገድ ላይ ያሉትን ብሩወሪዎች (ቢራ ጠምቀው እዚያው የሚሸጡ ቤቶች) እየዞርን ልንቀምስ ነው፤ አፍተን ላይ ብሉ ማውንቴን፣ ሮዝላንድ ላይ ዴቭልስ ባክቦን፣ ጊዜ ከተረፈን ሌላም። የሚነዳው አይጠጣም። የምንቀመጠው ውጭ ነው። ቨርጂኒያ የተዘጋውን ደረጃ በደረጃ ስትከፍት ከጁላይ 1 ወዲህ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ናት፤ ጠረጴዛዎች ስድስት ጫማ ይራራቃሉ፣ ባንኮኒ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። አንዷ ጓደኛችን «ይሄ ነውር ነው» ብላ ቀረች። ሕግ ካልጣስን ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ሕግ የፈቀደው ሁሉ ይደረጋል እንዴ? ዘንድሮ ለቅሶ እንኳን ቤት ሄደን መድረስ አልቻልንም። በስልክ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብለን ነው የቀረነው። ለሐዘን ያልወጣ ሰው ለቢራ ሊወጣ ነው? ደግሞ ኔልሰን ካውንቲ 15 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርበት ገጠር ነው። ሆስፒታል የለውም። የታመመ ሰው ሻርለትስቪል ወይም ሊንችበርግ ድረስ ይወሰዳል። እናንተ ቅዳሜ ሄዳችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። ጥላችሁት የመጣችሁትን የሚያስታምሙት እነሱ ናቸው።

ባለሬስቶራንቱ፦
እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን እነዚያ ሰዎች እኮ ራሳቸው ኑልን እያሉ ነው። ማርች ላይ ሁሉም ሲዘጋ በየበርሜሉ የቀረ ድራፍት ተበላሽቶ ተደፍቷል። ትልቁ ኩባንያ በየሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ አለው። ትንሹ ጠማቂ የሚኖረው በሩን ከፍቶ በሚገባ ሰው ነው። ጣሳ ውስጥ አሽጌ ልሽጥ ቢል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሚጠጣ ጣሳው ራሱ እጥረት አለበት። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ውጭ መቀመጥ ያበቃል። እኔም የራሴን ቤት ዘግቼ ስላየሁት አውቀዋለሁ፤ ኪራይ ወረርሽኝ አለ ብሎ አይጠብቅም።

ነርሷ፦
ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ሴፕቴምበር ላይ ያወጣውን ጥናት ተመልከቱ። በ11 የጤና ተቋማት የተመረመሩ 314 ሰዎች ተጠይቀዋል። ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ካልተገኘባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከመታመማቸው በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ሬስቶራንት ሄደው የመገኘታቸው ዕድል እጥፍ ያህል ነበር። ሚሺጋን፣ ኢስት ላንሲንግ ውስጥም ጁን ላይ ዳግም የተከፈተ አንድ ቢራ ቤት በሳምንታት ውስጥ ከ180 በላይ ሰዎች ለያዛቸው ወረርሽኝ መነሻ ሆኗል።

ባለሬስቶራንቱ፦
ኢስት ላንሲንግ ቤት ውስጥ ተጨናንቆ ነው። ያ ጥናት ደግሞ ሰዎቹን «ውስጥ ተቀመጣችሁ ወይስ ውጭ?» ብሎ አልጠየቀም። ሜዳ ላይ የተቀመጠውንና ጣሪያ ስር የታጨቀውን አንድ ላይ ነው የቆጠረው።

ነርሷ፦
እውነትህን ነው፣ አልለየም። ውጭ መቀመጥ እንደሚሻል እኔም አልክድም። ግን መኪናውን ማንም አላነሳም! ከአሌክሳንድሪያ አፍተን ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከአራት የተለያየ ቤት የመጡ አራት ሰዎች፣ መስኮት ዘግተው፣ እያወሩና እየሳቁ። ሜዳው ላይ የተጠነቀቃችሁትን መኪናው ውስጥ ታፈርሱታላችሁ። ወደ ቤት ስትመለሱ ደግሞ ሞቅ ብሏችኋል።

ኡበር ነጂው፦
ይሄን እኔ እመሰክራለሁ። ከመጠጥ ቤት የሚወጣ ሰው ማስኩን አገጩ ላይ ነው የሚያደርገው። አራቱንም መስኮት ከፍቼ ነው የምነዳው፤ በረደን ይሉኛል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦
ልጆች፣ እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። ልጆቼ ለእኔው ብለው መምጣት አቆሙ። ሰው መናፈቅም ያማል። ወጣት ከጓደኛው ጋር ሜዳ ላይ ቁጭ አለ ብላችሁ ነውረኛ አትበሉት። ይጠንቀቅ እንጂ ይውጣ።

አስተናጋጇ፦
ጋሼ፣ እንዳሉት ይውጡ። ግን እዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ብርጭቆውን የሚያመጣው ሰው የለም። እኔ ላውደን ካውንቲ አንድ ብሩወሪ ውስጥ እሠራለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የቲፕ ሠራተኛ መነሻ ክፍያ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ቀሪው ከእናንተ ኪስ ነው የሚመጣው። ሥራ ላጡ በሳምንት ትጨመር የነበረችው 600 ዶላር ጁላይ መጨረሻ ላይ ቆማለች። ሰው ባይመጣ የቤት ኪራይ አልከፍልም። ሲመጣ ደግሞ እፈራለሁ፤ አብራኝ የምትኖረው እናቴ በዕድሜ የገፋች ናት።

ስድስት ጫማው በጠረጴዛና በጠረጴዛ መሀል ነው። እኔ ከሁሉም ጠረጴዛ አንድ ክንድ ላይ ነኝ። ትንንሽ ብርጭቆዎች የተደረደሩበትን እንጨት አስቀምጬ የቱ ምን እንደሆነ ሳስረዳ፣ በማስክ ውስጥ ድምፄ አይሰማም። ሰውዬው ፊቱን እንደገለጠ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ድገሚልኝ» ይላል። ቀኑን ሙሉ እንደዚህ ነው። ሕጉ ሲበላና ሲጠጣ ማውለቅ ስለሚፈቅድለት ምንም ልለው አልችልም። «ሕግ አልጣስንም» ስትሉ ይሄን አስቡልኝ። እኔ ስመጣ ማስካችሁን ብታደርጉ ምን ይጎድልባችኋል?

የአሌክሳንድሪያው፦
ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። ሦስት ቦታ መዞሩን ትተን አንድ ቦታ ብቻ ብንቀመጥስ? በሁለት መኪና?

ነርሷ፦
አንድ ቦታ መሆኑ ጥሩ ነው፤ የምታገኙት ሰው ይቀንሳል። ሁለት መኪና ግን አሁንም ሁለት ሁለት ቤት አንድ ላይ ነው። እያንዳንዱ በየራሱ መኪና ይሂድ።

ባለሬስቶራንቱ፦
ሁሉም ከነዳማ ማን ይጠጣል? እንግዲያው ተራራውን አይታችሁ፣ አንድ ሁለት ካርቶን ጭናችሁ ተመለሱ። ለጠማቂውም ገንዘቡ ገባለት።

አስተናጋጇ፦
ለሚጫነውም ቲፕ አትርሱ። ካርቶኑን መኪናችሁ ድረስ የምናመጣው እኛው ነን።