ጉልበቷን የሚያማት እናትና የአራት ዓመት ልጅ ይዤ ባሕር ዳር አካባቢ በእግር የት ልሂድ?

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከመጣን ሦስት ወር ሆነን። ልጆቼ ሁለት ናቸው። ወንዱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ካልሮጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ሴቷ አራት ዓመቷ ነው፤ መቶ ሜትር ከሄደች "እዘዪኝ" ማለት ትጀምራለች። በዚያ ላይ እናቴ ለመስቀል ልትመጣ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ግን "አንቺ ቤት ጠብቂ" ቢሏት ትቆጣለች።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ራሴ ሞክሬ ነበር። ሐይቁን ዳር ዳሩን እንሂድ ብዬ 6 ሰዓት ላይ ወጣን። አዎ፣ ቀትር ላይ። የአዲስ አበባ ሰው የባሕር ዳርን ፀሐይ አያውቃትም። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳንሄድ የያዝነው ውኃ አለቀ። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ሐይቁ ውስጥ ልትገባ ስትል አንድ ዓሣ አጥማጅ ከሩቅ ጮኸብን። ምን እንዳጠፋን አልገባኝም። አፍሬ ልጄን አዝዬ ተመለስኩ።

መኪና የለንም። ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ ጀልባ ይቻላል። ለእናቴ የማይከብድ፣ ወንዱን የማይሰለቸው፣ ጥላ ያለው መንገድ ካለ ንገሩኝ። ጢስ ዓባይን ከእነሱ ጋር መድፈር ይቻላል? ዘጌስ?

ብስክሌተኛው

ጢስ ዓባይ ነዋ! ምን ያጠራጥራል? 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉውን ዙር ሂዱ። በድሮው ድልድይ ወርዳችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ፣ ፏፏቴውን ፊት ለፊት አይታችሁ፣ በተንጠልጣዩ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ በጀልባ ትመለሳላችሁ። እኔ ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። ለልጁማ ሕይወቱን ሙሉ የማይረሳው ነው።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እንኳን በደኅና መጣሽ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር። ስልሳ ሕፃን ይዞ ሽርሽር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ የልጅ ልጆች አሉኝ። ስለዚህ ብስክሌተኛው ወንድሜን ልቃወመው ነው፤ አይቀየመኝ። ብቻውን የሄደ ሰው ሰዓት ሲቆጥር እኔ አላምነውም።

መጀመሪያ ስለ ዓሣ አጥማጁ። የጮኸው ለልጅሽ ብሎ ነው። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚራባው ሣርና ደንገል ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። መጠጣትም መዋኘትም አያስፈልግም፤ እግር ነክሮ መቆም ይበቃዋል። መድኃኒት አለው፣ ነገር ግን ምን አስፈለገ? ሌላው ጉማሬ ነው። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በእሱና በውኃው መሀል የገባን ሰው አይምርም። ስለዚህ በእኛ ቤት ጣና በዓይን እንጂ በእግር አይነካም። ማምሻ ላይም ሣር ወደበዛበት ዳርቻ አንጠጋም።

ሰዓትሽንም ቀይሪ። እኛ ከልጆች ጋር የምንወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። 3 ሰዓት ሳይሞላ ቤት ገብተን ቁርስ እንበላለን። ከዚያ በኋላ ያለው ፀሐይ ለሊጥ እንጂ ለሕፃን አይሆንም።

እናትሽ የመጡ ሰሞን በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ጀምሪ። በግንቦት 2016 የተመረቀው ማለቴ ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። የእግረኛ መንገዱ ሰፊና ደልዳላ ስለሆነ ጉልበት አይፈትንም፤ ሄዶ መመለሱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። "ይኼ ብቻ?" እንዳትዪ። ከሥራችሁ የሚያልፈው ዓባይ ገና ከጣና መውጣቱ ነው። ወንዱን ልጅ "ይህ ውኃ ካርቱም ደርሶ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይገባል" በዪው። ከዚያ በኋላ እየሮጠ ይሂድ፣ ይመለስ። እናንተ ቀስ በሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጥበቃ ካለ ጠይቁ።

ሌላ ቀን ቤዛዊት ውጡ። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። እኛ ወደ ግቢው አንገባም፤ የምንወጣው ለእይታው ነው። ከላይ ሆናችሁ ዓባይ በዛፎቹ መሀል ሲጠማዘዝ፣ ከተማዋና ሐይቁ ከወዲያ ተዘርግተው ታያላችሁ። አወጣጡ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ሽማግሌዎችን በባጃጅ አውጥተን በእግር እናወርዳለን" ይላሉ። ጉልበት የሚያመው ሰው ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ነው የሚጎዳው። እኔ በራሴ ጉልበት ነው የተማርኩት። እናትሽ በባጃጅ ይውጡ፣ በባጃጅ ይውረዱ። አንቺና ልጁ በእግራችሁ ውረዱ። ትንሿ ከአያቷ ጋር ባጃጅ ላይ ትቀመጥ፤ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል።

አሁን ጢስ ዓባይ። ወደ ፏፏቴው ሁለት አቅጣጫ አለ። አንደኛው ወንድሜ የጻፈው ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደተሠራው የአላታ ድልድይ ይወርዳል። መንገዱ ድንጋያማ ነው። ከድልድዩ በኋላ ደግሞ ጥሩ ዳገት አለው። ዝናብ ከጣለበት ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በማሳ መሀል የሚሄደው ነው። እሱ አጭርና ደልዳላ ነው። እናትሽንና ትንሿን ይዘሽ ከሄድሽ በጀልባው ሂጂ፣ በዚያው ተመለሺ። ሙሉውን ዙር ከወንዱ ልጅ ጋር ብቻ አድርጊው። ዘጠኝ ዓመት ለዚያ መንገድ ጥሩ ዕድሜ ነው። ክረምቱ ሲበረታና ወንዙ ሲሞላ ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል፣ ከቤት ሳትወጪ አጣሪ።

የምትሄጂበት ወርም ይለያል። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ሲሞላ ወርዱ 400 ሜትር ያልፋል። ግን ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጠለፋል። በ2002 የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የሐይቁ ውኃ በሌላ በርም ይወጣል። በበጋ የሄደ እንግዳ "ጢሱ የታለ?" ብሎ ይመለሳል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ከሄድሽ ስሙን ታገኚዋለሽ። መስከረም ላይ አደይ አበባውም ይጨመርልሻል።

የሕፃን ጋሪ ይዘሽ እንዳትወጪ። ነጠላ ያዢ፤ ፀሐይም ይከልላል፣ ልጅም ያዝላል፣ ቤተ ክርስቲያንም ያስገባል።

የዘጌ ልጅ

መምህር ዘጌን ለእኔ የተዉልኝ ይመስላል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

እህቴ፣ ጥላ ካልሽ ከዘጌ የተሻለ የለም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወረድሽበት ጀምሮ የምትሄጂው በቡና ጫካ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። አባቶቻችን የሚነግሩን በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ብለው ነው። አራሽ ስለሌለ ጫካው ቆሞ ቀረ፤ የምንኖረውም በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ለልጁ ይህን ንገሪው፣ ከዚያ ማሳ ፈልግ በዪው። ሲያጣ ይገባዋል።

ለእናትሽ ደግሞ አዝዋ ማርያም ትበቃለች፤ ከዳርቻው ብዙም አትርቅም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከዚያ አለፍ ብላ ናት፣ መንገዱም ትንሽ ዳገት አለው፣ ሥርና ድንጋይ ይበዛበታል። ለአዋቂ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ከአራት ዓመት ልጅ ጋር እጥፍ አድርጊው። ሥዕሎቹን ለማየት ግን ድካሙ ይገባቸዋል። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው፤ ልጆች ጊዮርጊስንና ዘንዶውን ሲያገኙ አይነቃነቁም። ጫማ ይወልቃልና ማሰሪያ የበዛበት ጫማ አታድርጊላቸው። ሁለቱም ጋ ሴት ትገባለች። ጀልባ ነጂው "ክብራን ገብርኤልንም ላሳያችሁ" ቢልሽ ግን እዚያ ደሴት ገዳም ሴት አትገባም፤ አንቺ፣ እናትሽና ልጅሽ ዳር ቆማችሁ ልጁን ብቻ ልትልኩት ካልሆነ።

ዳቦ በእጅ ይዛችሁ አትሂዱ። ጦጣዎቻችን አስተዳደግ የላቸውም።

ጀልባ ላይ ሦስት ነገር። ዋጋውን ከነመመለሻው ሳትነሱ ተስማሙ። ለትንሿ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ሕፃን ላይ ሲጠልቅ ያታልላል እንጂ አያድንም። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ይነሣበታል፣ ማዕበሉ ያስታውካል፤ ስለዚህ በጠዋት ሄዳችሁ ከ6 ሰዓት በፊት ተመለሱ።

ሽምብጥ አካባቢ

ሁሉም መልካም ብላችኋል። አንድ ልጨምር። ከከተማ ውጪ የምትወጡ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ዕለት ጠዋት ጠይቁ። የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሆንም። የአካባቢው ሰው "ዛሬ ይቅር" ካለ ይቅር።

ብስክሌተኛው

መምህር፣ ልክ ነዎት። ሳስበው ያኔ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ጉልበቱን ታሞ ሳምንት ተኝቷል።

የሁለት ልጆች እናት

ከመስቀል በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ መምህር፣ እርስዎን በተለይ።

ድልድዩን በመጀመሪያው ቀን ሄድንበት። እናቴ መሀል ላይ ቆማ ዓባይን አየችና "ይኼ ነው እንዴ? እዚህ ሲያዩት እንዴት ጨዋ ነው!" አለች። ልጁ አራት ጊዜ ተመላልሷል።

ዘጌ የሄድነው እሑድ ነው። የመጀመሪያው ጀልባ የልጅ ጃኬት ስላልነበረው ተውነው፤ ሰውየው ተቆጣ፣ እኛም ሌላ አገኘን። እናቴ አዝዋ ማርያም ቅጥር ዛፍ ሥር ተቀምጣ "እናንተ ሂዱ" አለችን። ከኡራ ስንመለስ ከአንዲት የመንደሩ ሴት ጋር ስለ ጠላ አጠማመቅ እየተከራከረች አገኘናት። ጌሾ ገዝታ ነው የተመለሰችው፤ አዲስ አበባ ድረስ ይዛው ሄደች። ትንሿ "እዘዪኝ" ያለችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ጦጣ ስታይ ነው፤ እሱ አይቆጠርም።

ጢስ ዓባይን ከልጁ ጋር ለሁለት ሄድን፣ ሙሉውን ዙር። ጠዋት ደውለን መንገዱን ጠይቀናል። ከመንደሩ ልጆች የገዛነው ዱላ ቁልቁለቱ ላይ ጠቅሞኛል። መምህር፣ ተንጠልጣዩ ድልድይ ላይ የፈራሁት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም። መሀል ደርሶ ሊያወዛውዘው ሲሞክር ስሙን ከነአባቱ ነው የጠራሁት። ፏፏቴው ፊት ስንቆም በጢሱ ልብሳችን ራሰ።

ዓሣ አጥማጁንም አገኘሁት። እዚያው ቦታ ታንኳውን እያደረቀ ነበር። ስለዚያን ቀኑ አመሰገንኩት። "እኔ እኮ ጉማሬዋ ከነልጇ እዚያ ደንገል ውስጥ ስለነበረች ነው" አለኝ። ቢልሃርዚያውን ጭራሽ አላሰበውም። ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ገዛሁትና በእግራችን ወደ ቤት ሄድን፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር።