ለቀበና ወንዝ ዳር ጨፌ ፈንድ ከየት እናገኛለን?

ጥያቄ፦ የቀበናዋ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቀበና ነው። ከሰፈራችን በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ክረምት ከበጋ ውሃ የማያጣት ጨፌ አለች። ስፋቷ የኳስ ሜዳ ግማሽ ቢሆን ነው። ልጆች ሆነን ለበዓል ቄጠማ እናጭድባት ነበር። አሁን ግማሿ ላይ የግንባታ አፈር ተደፍቶባታል። የቀረው ፌስታልና የውሃ ላስቲክ ነው። ያም ሆኖ መስከረም ሲጠባ ወፎቹ ይመጣሉ። አንዷ ሆዷ ቢጫ ነው፤ ጅራቷን ላይ ታች እያደረገች ትራመዳለች። ሌላዋ ቡናማ ናት፤ ድንጋይ ላይ ቆማ ወገቧን ስለምትነቀንቅ ሰፈሩ "እስክስተኛዋ" ይላታል።

14 ልጆች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሻሻ መልቀም ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የሰፈሩ ዕድር ዶማና አካፋ ያውሰናል። አሁን አፈሩን አስነስተን፣ ቄጠማውን መልሰን ተክለን፣ ዳሩን በጋቢዮን (ድንጋይ በሚሞላ የሽቦ ቅርጫት) ማስያዝ እንፈልጋለን። ይሄ ደግሞ በኪሳችን የሚሆን አይደለም።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ የአሜሪካ ፈንድ አገኘሁ። ለረግረጋማ መሬትና ለስደተኛ ወፎች ነው ይላል፤ ለእኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ግን እኛ አንድ ዶላር ስንሰጥ እናንተም አንድ ዶላር አምጡ ይላል። እዚያ ማመልከት እንችላለን? ማኅበራችን አልተመዘገበም፤ የዕድሩ ማህተም ይበቃል ወይ? ደግሞስ ገንዘብ የሌለው ሰው "አዋጡ" ሲባል ምን ያዋጣል?

መልስ፦ ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ልጄ፣ ከማህተሙ ልጀምር። የዕድር ማህተም ለድንኳን እንጂ ለዶላር አይሆንም። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን አይመለከትም። ስለዚህ ራሳችሁን ችላችሁ በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን ዘንድ መመዝገብ አለባችሁ። ለማኅበር አምስት አባላት ይበቃሉ፤ እናንተ 14 ናችሁ። መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ፣ ጠቅላላ ጉባኤ አድርጉ፣ ቃለ ጉባኤውን አስፈርሙ። ከዚያ በማኅበሩ ስም የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። በአንድ ልጅ ስም የተከፈተ ደብተር ላይ የውጭ ብር የሚልክ ለጋሽ አላየሁም። ቢልክም ነገ ጠብ ነው።

አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከገቢያችሁ 20 በመቶ እንዳያልፍ ያዛል። ፕሮፖዛል ስትጽፉ የቢሮ ኪራይና ላፕቶፕ አትቆልሉበት።

አሁን ወደ መዋጮው። አዋጡ ማለት የግድ ብር አይደለም። ብዙ ለጋሾች ጉልበትም ይቆጥራሉ፤ ግን ወረቀት ይፈልጋሉ። አንድ ሉክ ደብተር ግዙ። ገጹ አናት ላይ ቀን ጻፉ። ከሥሩ ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የሠራው ሥራ፣ ፊርማ ብላችሁ አስምሩ። ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ አንዱ ሰዓቱን ደምሮ ከታች ይፈርም። ድምሩን በሰፈራችሁ የቀን ሠራተኛ ዋጋ አባዙት፤ መዋጯችሁ እሱ ነው። የዕድሩ ዶማም ኪራይ አለው፤ ማዋሱን በደብዳቤ አስጽፉ።

ያለፈውን ሁለት ዓመት ግን ቁጭ ብላችሁ ከጭንቅላት እንዳትሞሉት። የመቶ ቅዳሜ ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ ተጽፎ ሲመጣ ኦዲተር ከሩቅ ያውቀዋል። እኔም አውቅ ነበር።

መልስ፦ ባለ ባይኖኩላሩ

የአሜሪካውን እርሱት። ያየሽው በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰሜን አሜሪካ ረግረጋማ መሬቶች ጥበቃ ሕግ ፈንድ ይመስለኛል። የሚሠራው ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለሜክሲኮ ብቻ ነው። ወደ ላቲን አሜሪካና ካሪቢያን ለሚወርዱ ወፎች ሌላ ፈንድ አላቸው፤ እሱ ደግሞ ለአንድ ዶላር ሁለት አምጡ ይላል፤ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ሦስት ነበር። የእኛ ወፎች በዚያ መንገድ አያልፉም። ከአውሮፓና ከእስያ ነው የሚመጡት።

እስክስተኛዋ "ሳንድፓይፐር" የምትባለዋ መሆን አለባት። ስሙን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ከፈረንጁ ይሻላል። ባለ ቢጫ ሆዷ ዋግቴል ናት፤ ግን ሁለት ዓይነት ስላሉ ጀርባዋን እዩልኝ። ግራጫ ከሆነ ወንዝ ዳር የምትወድ አንዷ ናት፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ ሌላዋ። ይሄ ለፕሮፖዛሉ ያስፈልጋል፤ "ወፎች አሉ" ብሎ የጻፈ እና ስም ጠርቶ የጻፈ እኩል አይታዩም።

የሚሆናችሁ መጀመሪያ የጂኢኤፍ (የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፈንድ) አነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚያስተዳድረው የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም፣ ዩኤንዲፒ ነው። ለግለሰብ አይሰጥም፤ ለማኅበራትና ለአካባቢ ማኅበረሰብ ነው። ጣሪያው ለብዙ ዓመት 50 ሺህ ዶላር ነበር። ለዕቅድ ማዘጋጃ የሚሆን ትንሽ ድጋፍም አለው፤ ለጀማሪ እሱ ነው ጥሩው። የሚወስነው እዚሁ አገር ያለ ኮሚቴ ነው። ስለዚህ ቢሮ ሄዳችሁ ጥሪው መቼ እንደሚወጣ ጠይቁ፤ በኢሜይል ብቻ አትቅሩ።

ሁለተኛው የእንግሊዙ ራፈርድ ፋውንዴሽን ነው። በግለሰብ ስምም ይመለከታል። ገንዘቡ ጥቂት ሺህ ፓውንድ ነው፣ በአብዛኛው ለመስክ ሥራ። ከመካከላችሁ ባዮሎጂ የተማረ ካለ በእሱ በኩል ሞክሩ። የመሐመድ ቢን ዛይድ ፈንድ ግን ለአንድ ለይታችሁ ለያዛችሁት፣ አደጋ ላይ ላለ ዝርያ ነው። እናንተ ጋ የሚመጡት ደግሞ እግዜር ይመስገን ገና ብዙ ናቸው። ክሪቲካል ኢኮሲስተም የሚባለው ፈንድም ለእኛ አካባቢ የነበረው ዙር አልቋል። የድሮ ዝርዝር ላይ ስታዩት አትድከሙ።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። ግማሽ ኳስ ሜዳ "የስደተኛ ወፎች መኖሪያ" ብላችሁ ብትልኩ አንባቢው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። እኔም አልፈው ነበር። ውሃውን ተከተሉት። ቀበና ከእንጦጦ ይወርዳል፣ ግንፍሌና ባንተይቀጡ ይቀላቀሉታል፣ ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ። እዚያ በበጋ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ያድራሉ፤ ቀን ቀን ማሳ ላይ ይለቅማሉ፣ ሲመሽ ተሰልፈው ይመለሳሉ። ዳክዬውም በሽ ነው። አቃቂና አባ ሳሙኤል በዓለም አቀፍ ደረጃ ለወፎች ጠቃሚ ተብለው ከተመዘገቡ ቦታዎች ናቸው። ደግሞ እምቦጭ እያነቃቸው ነው፤ እምቦጩን የሚያፋፋው ከላይ ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ ነው። ስለዚህ "የአባ ሳሙኤልን ውሃ ከላይ ከምንጩ እናጽዳ፣ ሙከራውን ቀበና ላይ እናሳይ" ብላችሁ ጻፉ። አገራችን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካና ዩሬዥያ የውሃ ወፎች ስምምነት አባል ናት፤ ይህንንም አንድ መስመር ላይ አስገቡት።

ዛሬውኑ ደግሞ መቁጠር ጀምሩ። በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከተመሳሳይ ቦታ፣ በየቅዳሜው። ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ መዝግቡት፤ ነፃ ነው። በጥር ወር በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ። እዚህ ቆጠራው ላይ የሚሠራው በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። አባል ሁኑ፣ ቆጠራ ላይ ውጡ። ለእናንተ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች የምታገኙት እዚያ ነው።

መልስ፦ ዶማ ይዞ

እኔ ፕሮፖዛል አልችልም። መሬት ነው የማውቀው። ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ ወደ ጨፌዋ የሚገባ የሽንት ቤት ቱቦ አለ ወይ? ካለ ቄጠማ መትከሉ ይቆይ። ቄጠማና ፊላ ውሃ ያጣራሉ፣ ግን ቀጥታ የተለቀቀ ፍሳሽ አይችሉም። ቱቦው ሳይዘጋ የሚተከል ነገር ገንዘብ መድፋት ነው።

ሁለተኛ፣ በክረምት ችግኝ ተከላ ሲባል ሰው ሁሉ ወደ "ባዶ ቦታ" ይሮጣል። ጨፌ ባዶ ቦታ አይደለም። ባሕር ዛፍ ከተተከለባት መጥጦ ያደርቃታል። ጨፌ የሚፈልገው ሣር ነው። በርጋን ያየ ያውቃል። ከአዲስ ዓለም አለፍ ብሎ ያለው ጨፌ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የቀረችው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትባል ወፍ በክረምት እዚያ ትራባለች። የምትፈልገው ረጅም ሣርና ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ ነው። እዚያ ሥራው ችግኝ መትከል ሳይሆን፣ ወፏ እስክትፈለፍል ከብት እንዳይገባ ከገበሬው ጋር መስማማት ነው።

መልስ፦ ሰሚት

ኮሪደር ልማቱስ? ቦታው የወንዝ ዳርቻ ፕላን ውስጥ ካለ ነገ ዶዘር ይገባበታል። መጀመሪያ ወረዳ ጠይቁ።

መልስ፦ ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ልክ ነው፣ ረስቼው ነበር። መሬት የግል ስላልሆነ ማንኛውም ለጋሽ "ማን ፈቀደላችሁ?" ይላል። ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ቢቻል ከክፍለ ከተማው ጋር የመግባቢያ ሰነድ ያዙ። ፕላኑ ውስጥ ከገባም አትደንግጡ። ዳሩ በሙሉ በኮንክሪት ከሚለበስ ይህቺ ቁራጭ ጨፌ ሆና ትቅር ብላችሁ አሁኑኑ በጽሑፍ አስገቡ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚሰማ የለም።

መልስ፦ አንዴ የተቃጠልኩ

"እስክትመዘገቡ ከእኛ ሥር ሁኑ" የሚል ድርጅት ይመጣል። መጥፎ አይደለም፣ አንዳንዴ ብቸኛው መንገድ ነው። ግን የእኛን ስሙ። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት በእኛ ሥራ ፈንድ አገኘ። ስሙን አልጠራም። ፎቶው የእኛ፣ ሐሳቡ የእኛ። ገንዘቡ ሲመጣ ያየነው አንድ ባነርና የሁለት ቀን ስልጠና ከነአበሉ ነው። ችግኙ የደረሰን ታኅሣሥ ላይ ነው፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ። በጥር አንድም አልቀረም።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ይሁን። ስንት በመቶ ይቆርጣሉ? በየትኛው ወር ስንት ይለቃሉ? ከእናንተ አንድ ሰው ይፈርማል ወይ? ከለጋሹ ጋር የተፈራረሙትን ውል ኮፒ ስጡን በሉ። "ምስጢር ነው" ካሉ ተነሡና ውጡ።

ሌላ፦ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ዋጋ በገበያ ነው። በጀቱን በብርም በዶላርም አስቀምጡ፣ የመነዘራችሁበትን ቀን ጻፉ። ብር ከተረፈ ወይ ከጎደለ ምን እንደሚደረግ ውሉ ላይ ይግባ። የጋቢዮን ሽቦ ዋጋ ፕሮፖዛል እስኪጸድቅ ቆሞ አይጠብቅም።

የቀበናዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ወረዳ ሄድኩ። ፕላኑን የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ ለሐሙስ ቀጥረውኛል። ሉክ ደብተሩን ገዝተናል። ትናንት የመጀመሪያው ገጽ ላይ 11 ሰው ፈረመ። የቢጫዋ ጀርባ ግራጫ ነው፤ አራት ቆጠርን። እስክስተኛዋ አንድ።

ቱቦውንም ፈለግን። ሁለት ነው። አንዱ ከላይ ካለው ኮንዶሚኒየም ነው የሚመጣው። ሁለተኛውን ቄጠማውን ገለጥ አድርገን ወደ ላይ ስንከተለው፣ አጥር ሥር ገብቶ የዕድራችን ሰብሳቢ ግቢ ወጣ። ዶማ የሚያውሱን እሳቸው ናቸው። ማን እንደሚነግራቸው ሦስት ሰዓት ስንከራከር አመሸን።

ጋሼ፣ ይሄ ደብተሩ ላይ የት ይጻፋል?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

"የሠራው ሥራ" የሚለው ላይ። "ስብሰባ፣ 3 ሰዓት" በይው። ሰውየውን ለማናገር ግን 14 ሆናችሁ እንዳትሄዱ፤ እንደ ከሰሳ ያዩታል። ሁለት ሆናችሁ፣ ቡና ሰዓት ላይ፣ ዶማውን ለመመለስ የመጣችሁ መስላችሁ ግቡ።